«አላውቅም» የሚለውን ቃል የማያውቁት መምህር ውበቴ

ሰው ሁሉ ከጉሮሮው አልወጣ የሚል አንድ ቃል አለው። ለአንዱ «ይቅርታ» ነው፤ ለሌላው «ጠገብኩ» ነው። በየከተማው ደግሞ «አላውቅም» የሚለው ቃል ጨርሶ ያልተፈጠረለት አንድ ሰው አይጠፋም። ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መንገድ ብትጠይቁት፣ አገሩን ረግጦት ባያውቅም እጁን ዘርግቶ ያሳያችኋል። ሆዴን ቆረጠኝ ብትሉት መድኃኒቱን፣ ላሜ ነጠፈች ብትሉት ምክንያቱን ይነግራችኋል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እሱ ነው። የጁቤ ላይ አንድ አለ፤ ሮብ ገበያ ላይ ሁለት አሉ ይባላል። በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ ግን የሁሉም አውራ የቢቸናው መምህር ውበቴ ነበሩ፤ ይህንንም አሥራ አራት ዓመት በትዳር አብራቸው ከኖረችው ከወይዘሮ ፋንታነሽ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

መምህር ውበቴ ደብረ ወርቅ ሰባት ዓመት ቅኔ ቆጥረዋል። ከመምህራቸው ፊት ቆመው ተቀኝተው «ይበል» የተባሉ ሰው ናቸው። ኋላ ግን ጥምጥሙን በባርኔጣ፣ ጋቢውን በኮት ለወጡና ደብረ ማርቆስ ላይ የስድስት ወር የመምህራን ኮርስ ወስደው በቢቸና የአራተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኑ። ከኮርሱ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ሀብት አንድ መዝገበ ቃላት ነበር፤ እሱንም ከ«ኦ» ፊደል ወዲያ ያለውን ምስጥ በልቶታል። በዚህ የተነሳ መምህሩ በእንግሊዝኛ እስከ «ኦ» ድረስ ሊቅ፣ ከ«ኦ» ወዲያ ደግሞ ደፋር ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም።

የከተማው ሰው ግን ስለ ምስጡ አያውቅም። በባዕድ ፊደል የተጻፈ ነገር ሁሉ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ይሁን የሳሙና መጠቅለያ፣ ወደ መምህሩ ደጅ ይመጣል። ልብስ ሰፊው ስማቸው አዲስ የስፌት መኪና ሲገዛ አብሮት የመጣውን መጽሐፍ ይዞላቸው መጣ። መምህሩ ግማሽ ቀን ሲያገላብጡ ቆይተው፣ ይህ መኪና በሳምንት ሁለት ቀን ዕረፍት ይሻል ብለው ደመደሙ። ስማቸውም ረቡዕና ዓርብ መኪናውን አልብሶ ማስቀመጥ ጀመረ። መኪናው እስከ ዛሬ አልተበላሸም፤ እንግዲህ ማን ይከራከራል።

አንድ ጊዜ ደግሞ መንገድ ሊያጠና የመጣ ፈረንጅ መሐንዲስ ገበያ መሐል ቆሞ ሁለት ደቂቃ ያህል ተናገረ። ክቡር መምህራችን ንግግሩን ግማሽ ሰዓት ተረጎሙት። በትርጉሙ ውስጥ የጃንሆይ ዕድሜ፣ የዘመኑ ሰላም፣ የዓባይ ድልድይ፣ የጎጃም ሕዝብ ደግነትና የጤፉ ንጣት አልቀረም። ሴቱ እልል አለ፤ ሽማግሌው መረቀ፤ ፈረንጁም ያልገባው ነገር ልቡን ነክቶት ዓይኑን ጠራረገ። ኋላ ላይ፣ ሰውየው ይህን ሁሉ የለፈለፈው ውሃ ጠምቶት ነው የሚሉ ምቀኞች ተነስተው ነበር። ከተማው አልሰማቸውም፤ ከአንድ ፈረንጅ የውሃ ጥም የመምህሩ ንግግር ይበልጣልና።

ፍርድ እንዳናጓድል፣ መምህር ውበቴ የሚያውቁትን ሲያስተምሩ ወደር አልነበራቸውም። የእንግሊዝኛ ተማሪ ሁሉ የሚደናገርበትን ነገር፣ ከግሥ ኋላ እየተከተለች ትርጉሙን የምትገለብጠውን ያችን ትንሽ ቃል፣ እሳቸው ባገራቸው ልማድ ፈቱት። «ግሥ ጌታ ነው» ይሉ ነበር፤ «ከኋላው ያለችው ቃል አሽከሩ ናት። ጌታ ብቻውን ሲወጣ ለአንድ ጉዳይ ነው፤ አሽከር ሲያስከትል ለሌላ ጉዳይ ነው። ጌታውን አይታችሁ አትፍረዱ፤ አሽከሩን ጠይቁ።» ከዚያ በዜማ ያስቀጽላሉ። «ሉክ» ብቻውን ሲሄድ «አየ» ነው። «አፍተር» ሲከተለው «ጠበቀ፣ ተንከባከበ» ይሆናል። «ፎር» ሲከተለው «ፈለገ» ይሆናል። «ጊቭ» ማለት «ሰጠ» ነው፤ «አፕ» የተባለው አሽከር ከተከተለው ግን ጌታው ምንም አይሰጥም፣ ተስፋ ቆርጦ ቁጭ ይላል። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ስለነበረ ወይዘሮ ፋንታነሽ በርበሬ ስትቀነጥስ ይህን ሁሉ ሰምታ ሸምድዳዋለች። ለጎረቤቷ «ዶሮዎቼን ሉክ አፍተር አድርጊልኝ» ብላ ገበያ የምትሄድ ሴት በዚያ ዘመን በምሥራቅ ጎጃም ሌላ የነበረች አይመስለንም።

ፋንታነሽ በሰው ፊት «መምህር» እና «እሳቸው» ትላለች፤ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ «አንተ» ናቸው። ያችው ፋንታነሽ ለማንም ያልነገረችው አንድ ምሥጢር ነበራት። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል ሲተረጉሙ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ትርጉም በትርጉም ላይ ይደርባሉ። መምህር ውበቴ ይህን ወግ ይዘው እንግሊዝኛ ውስጥ ገቡ። ፋንታነሽ ግን ባሏን ስታጤን ኖራ አንድ ነገር ደርሳበታለች። ውበቴ የሚያውቀውን ሲጠየቅ አንድ ትርጉም ብቻ ሰጥቶ ዝም ይላል። የማያውቀውን ሲጠየቅ ኮሌታውን ያስተካክልና ሦስት ይሰጣል። እንግሊዝኛ ላይ ብቻም አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ጫማው ጠፍቶበት የት እንዳደረገው ብትጠይቀው፣ አንድም ከአልጋው ሥር፣ አንድም ከደጅ፣ አንድም ጎረቤት ለቅሶ ቤት ተረስቶ ይሆናል አላት። ጫማው ግራና ቀኙ ተሳስቶ እግሩ ላይ ነበር።

ይህን እያወቀች ዝም ያለችው ጉዳት ስላላየችበት ነው። የስማቸው መኪና ቢያርፍ ምን ይጎዳል? ፈረንጁም ቢሆን ጠላ ቀርቦለት ጥሙን ቆርጧል። ባሏ ሦስት ሲሰጥ ማየት እንዲያውም ደስ ይላት ነበር፤ ሰውየው ያን ጊዜ ዓይኑ ይበራል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ያ የደብረ ወርቅ ወጣት ተቀኚ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ተመችቷቸው ሲኖሩ የከፋለ ወረቀት መጣ።

ከፋለ ጎረቤታቸው ነው፤ በበቅሎ እህል የሚነግድ፣ ሳቂታ ሰው። በዐቢይ ጾም መካከል ሆዱ ተነፍቶ አልጋ ላይ ዋለ። መድኃኒቱም ጠበሉም አልሻል ሲለው በጭነት መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ፣ ፈረንጆች ወደሚያክሙበት ሆስፒታል ሄደ። ሚስቱ ማናለሽ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበረች አልተከተለችውም። ፋሲካ ሲመጣ ከበጉ ሥጋ የሚሻለውን መርጣ፣ ሲመለስ ይበላዋል ብላ ዘልዝላ ቋንጣ አድርጋ ሰቀለችለት። በትንሣኤው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት የጭነት መኪናው ሾፌር መጥቶ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰጣት። ከሆስፒታሉ በር ዘበኛ እንደተቀበለው፣ ሰውየውን ግን በዓይኑ እንዳላየው ነግሯት፣ ጭነቱን አራግፎ ወደ መጣበት ተመለሰ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተርና ሌሎቹ መምህራን ለበዓሉ ወደየአገራቸው ሄደዋል። እንግዲህ የቀረው ደጅ አንድ ነው። ማናለሽ ስትገባ መምህሩ ቤት የበዓል እንግዳ ሞልቷል፤ የሰፈሩ የዕድር ዳኛ ባላምባራስ ይርሳውም ከነጓደኞቻቸው ጠላ ይዘው ተቀምጠዋል። ወረቀቱን በሁለት እጇ አቀረበች።

«የኔታ፣ ይኼንን ይዩልኝ። ከከፋለ ነው።»

መምህሩ ተነስተው ቆሙ። ወረቀቱ ሦስት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን አነበቡና ከፋለ በጠና ታሞ ነበር ይላል አሉ። ሁለተኛውን አነበቡና ሐሙስ ዕለት ሆዱን ከፍተው አከሙት ይላል አሉ። ሦስተኛውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በእንግሊዝኛው አነበቡት፤ «ሂ ሃዝ ፑልድ ስሩ» ይላል። «ፑል» የሚለውን ጌታ ያውቁታል፤ «ሳበ፣ ጎተተ» ነው። «ስሩ» የሚለውን አሽከር ከሌላ ጌታ ጋር አይተውታል። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ግን ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም፤ መዝገበ ቃላቱም ላይ ያ ሁሉ የምስጥ ቀለብ ሆኗል። ፋንታነሽ ከጓዳው በር ላይ ሆና የባሏ እጅ ወደ ኮሌታው ሲሄድ አየች።

አንድም፣ አሉ መምህሩ፣ ከአንዱ ክፍል ስበው ወደ ሌላው ክፍል አሳለፉት ማለት ነው። አንድም፣ ሕመሙን እየጎተተ እየገፋ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን የማናለሽ ዓይን ፊታቸው ላይ ተተክሏል፣ ምንም አልመጣላቸውም። «ሦስተኛውን እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት።

ሰው የሚያስፈልገውን ትርጉም ይዞ ይሄዳል። ማናለሽ የመጀመሪያውን ይዛ፣ ከፋለ ክፍል ቀየረ እያለች ደስ ብሏት ወጣች። ሽማግሌዎቹ ግን የቅኔ አገር ሰዎች ናቸው። በዚያ አገር ወርቁ ከላይ አይቀመጥም፤ ሊቅ ሰው የመጨረሻውን ካልተናገረ ዋናው ነገር እሱ ነው። ባላምባራስ ይርሳው ብርሌያቸውን አስቀመጡ። ጓደኞቻቸውም አስቀመጡ። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ከፋለ በልባቸው ሞተ።

በማግሥቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባላምባራስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። መምህሩ ነገሩን በነፍሰ ጡር ሴት ፊት በጨዋ ደንብ በመሸፈናቸው አመሰገኑ። የጁቤ ለሚኖሩት ለከፋለ ወንድሞች መልእክተኛ ሄዷል፤ መርዶው እንደ ወጉ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ማናለሽ ቤት ይነገራል፤ እርግዝናዋን የሚያውቁ ሁለት ሴቶች ከአጠገቧ ይቆማሉ። የቀረው የመምህሩ ቃል ብቻ ነው። መምህር ውበቴ ተቁነጠነጡ፤ ተከዙ፤ ወደ ጣሪያው አዩ። «እንግዲህ...» አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህችንም ተቀብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ።

በሩ ሲዘጋ ፋንታነሽ ከፊቱ መጥታ ቆመች።

«ውበቴ፣ ሦስት አልክ።»

«እና ምን አለበት?»

«ስታውቅ አንድ ነው የምትለው። አሥራ አራት ዓመት አይቼሃለሁ። እስከ ዛሬ በሦስትህ አልተጣላሁም፤ የስፌት መኪናው ይረፍ፣ ፈረንጁ ይጠማ። ይቺ ግን ሰው ናት። ዓርብ ጠዋት ፊቷን ትነጫለች፣ ደረቷን ትደቃለች። ሆዷ ውስጥ ያለውስ? ከፋለ ያልሞተ እንደሆነ፣ ቆሞ ለሚሄድ ሰው አስለቅሰህ ምን ትላለህ?»

መምህሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። ፋንታነሽን አሳዘናት፤ ግን አልተወችውም። ሄዶ «አላውቅም» እንዲል ነገረችው። ሰውየው ቃሉን እንደ መራራ ሥር አፉ ውስጥ አገላበጠው። ያን ያህል ቅኔ የዘረፈ ሰው በዚህች አንዲት ቃል ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። በመጨረሻ ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ እሷም ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለችው።

ባላምባራስ ይርሳው ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። መምህር ውበቴ መሐል ላይ ቆሙና ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «የወረቀቱን የመጨረሻ ቃል አላውቀውም» አሉ።

ፋንታነሽ ነገሩ ያለቀ መስሏት ትንፋሽዋን ለቀቀች። ሽማግሌዎቹ ግን ተያዩ። አንዱ ጋቢውን አፉ ላይ ሳበ። ሌላው «እግዚኦ» አለ። መምህር ውበቴ አላውቅም ሲሉ ማን ሰምቶ ያውቃል? እሳቸውን አላውቅም ያሰኘ ነገር እንግዲህ ምን ቢከፋ ነው? ከፋለ ሞቶ ብቻ አይደለም፣ አሟሟቱም ለወሬ የማይመች ሆኖ ነው አሉ። መምህሩ እውነቴን ነው ብለው ቢምሉም ትሕትናቸው ተብሎ ተመሰገኑ። ሀያ ዓመት ሙሉ ሁሉን ሲያውቅ የኖረ ሰው አንድ ቀን አላውቅም ቢል የሚያምነው የለም።

ያን ጊዜ ፋንታነሽ፣ በወንዶች ሸንጎ ልማዷ ባይሆንም፣ ከኋላ ሆና ተናገረች። ሞጣ ትምህርት ቤት አንድ የሰላም ጓድ ፈረንጅ ልጅ አለ፤ ቋንቋው የራሱ ነው፤ መምህር ሄደው እሱን ይጠይቁትና ይመለሱ፤ መርዶ ቢዘገይ አይበላሽም፣ ቢቸኩል ግን አይመለስም አለች። ባላምባራስ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። በመጨረሻ እስከ ሰኞ ጎሕ ጊዜ ሰጡ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ከሌላ አፍ ሾልኮ ማናለሽ ጆሮ ሳይደርስ እንደማይቀር፣ ይህም ከመርዶ የከፋ እንደሆነ ተናገሩ፤ እውነታቸውን ነው።

ሐሙስ ማለዳ መምህሩ ወረቀቱን ደግሜ ልየው ብለው ከማናለሽ ተቀብለው በቅሏቸውን ሲጭኑ ፋንታነሽም የጎረቤት በቅሎ ለምና አጠገባቸው ቆመች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት?»

«ስትጠይቅ ልስማ» አለች።

ደብረ ወርቅ አደሩ፤ ዱሮ ቁራሽ ለምነው በተማሩበት ደብር ደጅ ሲያልፉ መምህሩ ባርኔጣቸውን ዝቅ አደረጉት። ዓርብ ማምሻውን ሞጣ ገቡ። ቅዳሜ ጠዋት ፈረንጁን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አገኙት፤ ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማ የሚጠግን፣ እጁ በቅባት የጠቆረ፣ ከሀያ ሦስት ዓመት የማይበልጥ ቀጭን ልጅ። ፋንታነሽ የዚህ አገር ሊቅ ይኼ ነው ወይ ብላ ተገረመች።

መምህር ውበቴ ሰላምታ ሰጡ። ሰላምታው ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ትምህርት ቤት ኢንስፔክተር ወዲያና ወዲህ እያሉ ልጁን ይፈትኑት ጀመር። የሚያውቋቸውን ግሦች ከነአሽከሮቻቸው እየጠሩ ትርጉም ጠየቁት፤ ሲመልስ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ደህና ነው» አሉት። ልጁ ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን ተመለከታቸው። ጀንበሯ ከፍ እያለች ነው፤ የሁለት ቀን መንገድ ይጠብቃቸዋል። ፋንታነሽ አንድ ጊዜ ሳለች። ሁለተኛ ሳለች።

መምህሩ ቆም አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ደረታቸው ላይ ያዙት። ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሚስታቸው እንድትሰማ ይሁን ሌላ ቋንቋ ጠፍቷቸው፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ይህን ቃል አላውቀውም። ሰው ሊለቀስለት ነው። ንገረኝ።»

ልጁ ወረቀቱን አነበበ። የታመመው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ አማርኛው ስላልበቃው መሬቱ ላይ ተጋደመ። ዓይኑን ጨፈነ፤ አቃሰተ፤ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የሚጎተት ሰው ይመስል ትከሻውን እያጠበበ በክርኑ ተሳበና ወዲያ ማዶ ደርሶ ተነስቶ ቆመ። አቧራውን እያራገፈ፣ «ሞት በር ላይ ነበር፤ ጠባብ በር። ወጣ። ዳነ» አላቸው። ፋንታነሽ ሳታስበው የፈረንጁን ቅባታም እጅ ይዛ ሳመችው።

መምህር ውበቴ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ከዚያ፣ ዕድሉ ሳያመልጣቸው፣ ሲከነክናቸው የኖረ አንድ ሌላ ቃል ጠየቁት። ልጁ ራሱን አከከና፣ ሳያፍር፣ እየሳቀ፣ «እሱን አላውቅም፤ መጽሐፍ ልይ» ብሎ ወደ ክፍሉ ሮጠ። ይህ ነገር መምህሩን ከከፋለ መዳን ባልተናነሰ አስደነቃቸው። በመልስ ጉዞው ሁሉ በየዳገቱ በቅሏቸውን እያቆሙ፣ «በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋው!» ይሉ ነበር። ፋንታነሽም በልቧ መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል የሚለውን አባባል ስንት ጊዜ ለተማሪዎቹ ሲናገር እንደሰማችው እየቆጠረች ተከተለችው።

እሑድ ማታ ለቢቸና ጥቂት ሲቀር የመምህሩ በቅሎ አነከሰች። መንገድ ዳር ካለ ገበሬ ቤት አድረው፣ ዶሮ ሲጮኽ በእግራቸው ተነሱ። የማናለሽ ግቢ ሲደርሱ ሰዎቹ ቀድመዋቸዋል። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል፤ የየጁቤ ወንድሞች ከኋላቸው ናቸው። ማናለሽ ውሃ ልትቀዳ እንስራዋን ይዛ ስትወጣ አየቻቸው። አንዱን ፊት፣ ከዚያ ሌላውን ፊት አየች። እንስራውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ገብቷት ነበር።

መምህር ውበቴ ሰዎቹን ገፍተው መሐል ገቡ። ኮታቸው አቧራ ለብሷል፣ ባርኔጣቸው የለም። እሷን እንጂ ሌላውን አላዩም።

«ማናለሽ፣ ድኗል።»

ባላምባራስ ይርሳው ተጠግተው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ይህስ አንድም ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ወርቁን ሳያገኙ አይሄዱም።

«አንድም የለውም፣ ባላምባራስ» አሉ መምህሩ። «አንድ ብቻ ነው። እኔ አላወቅሁትም ነበር፤ ሄጄ ጠየቅሁ። ድኗል።»

ማናለሽ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። የየጁቤ ወንድሞች ለለቅሶ ብለው ያን ሁሉ መንገድ መጥተዋልና እንባቸውን ይዘው መመለስ አልሆነላቸውም፤ እነሱም አለቀሱ። ባላምባራስም ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ዓይናቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ከፋለ በግንቦት መጨረሻ ከስቶ፣ ቀበቶው ሁለት ጊዜ ዞሮት፣ ከጭነት መኪናው ላይ ወረደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መምህር ውበቴ ተለወጡ ብለን እናመሰግን ነበር። እርግጥም ተለወጡ። ከዚያ ወዲያ የማያውቁት ነገር ሲመጣ «ይህን አላውቀውም» ይሉ ጀመር። ከተማው ግን አልወደደውም። ልብስ ሰፊው ስማቸው አዲስ መርፌ ገዝቶ ከነማሸጊያው ቢያመጣላቸው አላውቀውም አሉት፤ ቅር ብሎት ሄደ። አንዲት ሴት የዓይን መድኃኒት ይዛ መጥታ፣ ሐኪም ቤት ጠይቂ ቢሏት፣ እዚያማ በምን ይተረጉሙታል ብላ አዘነች። ሰው ደጃቸውን መርገጥ እየቀነሰ መጣ። ሰኔ ሲገባና ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መምህሩ ኮታቸውን ሳይለብሱ፣ ያንን የምስጥ ትራፊ መዝገበ ቃላት ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዝናቡን እያዩ ይውሉ ነበር። ፋንታነሽ ፈትሏን እየፈተለች ታየዋለች። ትክክል ሠርቷል፤ እሷ ራሷ አሠርታዋለች። ግን ቤቱ ፀጥ አለባት። ያን ሰው ናፈቀችው፤ ይህን ከራሷ አልደበቀችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ፣ የጋዝ ጣሳ ከጓዳ አውጥታ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈበትን ጎን ወደ እሱ አዙራ ከፊቱ አስቀመጠችለት። ውበቴ መነጽሩን አድርጎ አየው። አገላበጠው። ፊደሎቹን በጣቱ ተከተላቸው።

«ፋንታዬ፣ ይኼን አላውቀውም» አለ፣ እንደ ደህና ልጅ።

«እንዳላወቅከው አውቃለሁ» አለች። ተነስታ በሩን ዘጋችና ተመለሰች። «ሰው የለም፣ እኔና አንተ ብቻ ነን። እንደመሰለህ ንገረኝ።»

ባሏ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኮሌታው ሄደ። ፋንታነሽ እንዝርቷን አስቀምጣ፣ አንዱም እንዳያመልጣት የምትቀመጥበትን ዱካ ወደ እሱ አስጠጋች።